ከአዲስ አበባ እስከ ኦርላንዶ፦ ትንሽ ልጅ ሳይዝል ዲዝኒ ወርልድን እንዲያይ

የእህቴ ልጅ የ4 ዓመት ልጅ እያለች ከአዲስ አበባ መጥታ ዲዝኒ ወርልድን ልናሳያት ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ይዘናት ሄድን። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ቨርጂኒያ እኔ ቤት አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያደረችው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ፣ ማጂክ ኪንግደም የሚሉት ፓርክ መሀል፣ አስፋልቱ ላይ ተዘርግታ አለቀሰች። ስታልማት የከረመችው ልዕልት ፊቷ ቆማ ነበር። ዞር ብላም አላየቻት። እናቷ «ምን ጎደለብሽ?» ትላለች። እኔ ደግሞ ወረፋ የጠበቅንበት አንድ ሰዓት ያንገበግበኛል። በኋላ ስልኬ ላይ የአዲስ አበባን ሰዓት አየሁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ይላል። ልጅቷ ቤቷ ብትሆን ኖሮ ከተኛች ቆይታለች።

ከዚያ ወዲህ ከአገር ቤት የመጡ ልጆችን ይዘን ሁለት ጊዜ ሄደናል። ሁለቱም ጊዜ ደህና ነበር። የለወጥነው ነገር አንድ ነው፦ ቀኑን የምናቅደው በፓርኩ ካርታ ሳይሆን በልጁ ሰውነት ሰዓት ነው። እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ከመጀመሬ በፊት፣ እዚህ ያለው ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። የፓርኩ አፕ «ጠዋት 9» ካለ በእኛ 3 ሰዓት ማለት ነው።

1. ሁለቱን ሰዓቶች ወረቀት ላይ ጻፉ

ኦርላንዶ በበጋቸው ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በክረምታቸው በ8። አብዛኛው ሰው ልጆች ትምህርት በሚዘጉበት በሐምሌና በነሐሴ ስለሚመጣ 7ን ያዙ። አሁን ወረቀት አውጡና በአንድ በኩል የኦርላንዶን፣ በሌላው የልጁን ሰዓት ጻፉ።

ፓርኩ ጠዋት 3 ሰዓት ሲከፈት ለልጁ ሰውነት ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ የሚጫወትበት ሰዓት። ቀን 6 ሰዓት ላይ ለእሱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሆኗል፤ እራት ይፈልጋል። ቀን 8 ሰዓት ላይ ምሽት 3 ነው፤ አይኑ መከደን ይጀምራል። ርችቱ በምሽት 3 ሰዓት ሲተኮስ ለእሱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። እናንተ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ለጥ ብላችሁ ስትተኙ ደግሞ ለእሱ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፤ ነቅቶ «እማዬ ራበኝ» ይላችኋል።

ይህን ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። አዋቂው ሁሉ ይየው፤ አያትም፣ አጎትም። ልጁ ሲያለቅስ «ተሞላቅቆ ነው» የሚለው ወሬ ይቀንሳል።

ሰውነት አዲስ ሰዓት የሚለምደው በቀን ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ትንሽ ይፈጥናል። ስለዚህ 7 ሰዓት በሁለት ቀን አይለመድም። ከለንደን የምትመጡ 5፣ ከጀርመን ወይም ከስዊድን 6፣ ከእስራኤል 7፣ ከዱባይ 8 ሰዓት ብላችሁ ወረቀቱን ሥሩ። አካሄዱ ያው ነው። ከሎስ አንጀለስ ወይም ከሲያትል የምትመጡ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የእናንተ ልጅ ጠዋት አልነሳ ይላል፣ ማታ አልተኛ ይላል። የእናንተ ፓርክ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዋሽንግተን የሚሄድ ልጅ የሰዓት ለውጥ የለበትም፤ የእሱ ጠላት ሙቀቱና እግር ጉዞው ብቻ ነው።

2. ከቤት ሳትወጡ የሚያልቅ ሥራ

ትልቁ ነገር የቀኖቹ አቀማመጥ ነው። መጀመሪያ ዘመድ ቤት፣ ቀጥሎ ፓርክ። ዋሽንግተን አካባቢ ቢያንስ አራት ሌሊት አድራችሁ ነው ወደ ኦርላንዶ መነሳት ያለባችሁ። የመጀመሪያው ጉዟችን የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የብዙ ቀን ትኬት ስትገዙ ቀኖቹን በተከታታይ መጨረስ ግዴታ አይደለም። የተሰጠው የቀን ገደብ ውስጥ እስከሆናችሁ ድረስ መሀል ላይ ማረፍ ይቻላል። አንድ ቀን ፓርክ፣ አንድ ቀን ሆቴል ውስጥ ውሃ መንቦጫረቅ፣ ከዚያ ሌላ ፓርክ። ዲዝኒ ወርልድ አራት ትልልቅ ፓርኮች አሉት፦ ማጂክ ኪንግደም፣ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስና አኒማል ኪንግደም። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ አራቱንም ማየት አስፈላጊ አይመስለኝም። ሁለቱ ይበቃሉ። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ትኬት አይከፍልም፤ ስለዚህ ለእሱ ብላችሁ «ከፍለናል» ብላችሁ የምታስጨንቁበት ምክንያትም የለም።

የልጅ ጋሪ፣ እዚህ ስትሮለር የሚሉትን፣ ያዙ። ለ5 ዓመት ልጅም ጭምር። አያቶች «ይሄ ትልቅ ልጅ በጋሪ?» ማለታቸው አይቀርም። ልጁ ሰፈር ውስጥ ሲሮጥ መዋል ይችል ይሆናል። ግን ፓርክ ውስጥ የሚሄደው ብዙ ኪሎሜትር ነው፣ ያውም በእንቅልፍ ሰዓቱ። ፓርኩ የሚያከራየው ጋሪ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ወደ ኋላ አይጋደምም፣ ከፓርኩ በርም አይወጣም። ስለዚህ ወደ ኋላ የሚጋደም የራሳችሁን ወይም የዘመድ ጋሪ ውሰዱ። ወርዱ ከ79 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ132 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ሁለት ልጅ የሚጎተትበት ሳጥን መሰል ጋሪ አይገባም።

የልጁን ቁመት ቤት ለኩት። አንዳንድ ጨዋታ የቁመት ገደብ አለው። ለምሳሌ የሰባቱ ድንኮች የማዕድን ባቡር 97 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል። የደከመ ልጅ በር ላይ ደርሶ «አትገባም» ሲባል የሚያለቅሰው ለቅሶ ሌላ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት የመኝታ ሰዓቱን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ አዘግዩት፤ መነሻውንም እንዲሁ። ትምህርት ቤት ካለው ተዉት። እንቅልፉን የጠገበ ልጅ ይዞ መሄድ ከሁሉም ይሻላል።

3. አውሮፕላኑና የመጀመሪያው ቀን

ከአዲስ አበባ ማታ ተነስቶ የዋሽንግተኑ ዱለስ ኤርፖርት ጠዋት የሚደርሰው በረራ ለልጅ ጥሩ ነው። ከመነሳቱ በፊት እራቱን አብሉት፣ ጥርሱን አስቦርሹት፣ ፒጃማ አልብሱት። ቤት የሚተኛበትን ነገር ሁሉ እዚያው አድርጉለት። ብርድ ልብሱን ወይም የሚያቅፈውን አሻንጉሊት ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ።

ጠዋት 2 ሰዓት ስትደርሱ ለእሱ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የኢሚግሬሽኑን ሰልፍ ጨርሳችሁ፣ ዘመድ ተቀብሏችሁ ቤት ስትገቡ እኩለ ቀን ይሆናል። አሁን ይተኛል። ይተኛ፤ ግን ሁለት ሰዓት ብቻ። ከዚያ መቀስቀስ ከባድ ነው፤ ለእሱ ሌሊት ነውና። መጋረጃ ክፈቱ፣ ጀርባውን ዳበስ ዳበስ አድርጉ፣ ሐብሐብ ወይም ብርቱካን አፉ ውስጥ አድርጉለት። ከዚያ ወደ ውጭ። ወደ ምዕራብ ለመጣ ሰው የሚጠቅመው ከሰዓት በኋላና የምሽት ብርሃን ነው፤ የሰውነትን ሰዓት ወደ ኋላ ይጎትታል። በሐምሌ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ስለሆነ እስከ 12 ሰዓት ድረስ ውጭ ለመቆየት ጊዜ አላችሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት አስተኙት።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የእኛ ሰው እንግዳ መጣ ሲባል ማታ ይሰበሰባል። ቡናው ይፈላል፣ ክትፎው ይመጣል፣ ልጁ ከአንዱ ጭን ወደ ሌላው እየተዘዋወረ እስከ ምሽት 5 ሰዓት ይቆያል። ፍቅር ነው፤ ግን ልጁን ይጎዳዋል። ዘመዶቻችሁን በአክብሮት ንገሯቸው፦ «ለቁርስ ኑልን።» ልጁ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የነቃ ስለሆነ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሲስቅና ሲጫወት ያዩታል። እኔ ቤት ቁርስ ላይ ጨጨብሳ ተሠርቶ ቡና ሲፈላ ከማታው የበለጠ ደምቆ ነበር።

4. ሌሊት ሲነቃ

ይነቃል። ሦስት ወይም አራት ሌሊት ጠብቁት። የመጀመሪያዋን ሌሊት እህቴ ትልቁን መብራት አብርታ፣ ካርቱን ከፍታ፣ «እስኪነጋ ይበላት» አለች። በማግስቱ ልጅቷ በዚያው ሰዓት ካርቱኗን ፍለጋ ተነሳች።

እንዲህ አድርጉ። መብራት አታብሩ፤ የሽንት ቤቱ መብራት በበሩ ስንጥቅ ከገባ በቂ ነው። ሽንት አሸኑት። ራበኝ ካለ እውነቱን ነው፤ ሆዱም በአዲስ አበባ ሰዓት ነው የሚሠራው። ሙዝ፣ ቁራሽ ዳቦ፣ ወተት አልጋው አጠገብ አዘጋጅታችሁ ተኙ። ወጥ ማሞቅ አያስፈልግም። ስልክና ታብሌት አይታዩ። በየሌሊቱ አንድ አይነት ነገር በሹክሹክታ ንገሩት፦ «አገሩ ገና ሌሊት ነው፣ ወፎቹም ተኝተዋል።» ባይተኛም ይጋደም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ተነሱ፤ ከዚያ በላይ በግድ አታስተኙት። ወላጆች ተራ ተከፋፈሉ። ሁለታችሁም ሌሊቱን ሙሉ ከነቃችሁ በማግስቱ የሚነጫነጨው ልጁ ብቻ አይሆንም።

ስለ መድኃኒት አጥብቄ ልናገር። አሜሪካ ውስጥ ሜላቶኒን እንደ ከረሜላ በየሱቁ ይሸጣል። የሚሸጠው እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ተጨማሪ ምግብ ስለሆነ በውስጡ ያለው መጠን ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ሊለይ ይችላል። የልጃችሁን ሐኪም ሳትጠይቁ አትስጡ። የአለርጂና የጉንፋን ሽሮፕ «ያስተኛል» ብሎ መስጠት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። አንዳንድ ልጅ ላይ እንዲያውም በተቃራኒው ያቅበጠብጠዋል።

5. የፓርኩ ቀን

በማለዳ መንቃቱ ችግር ይመስላል። ኦርላንዶ ላይ ግን ጥቅም ነው። ሌላው ቤተሰብ አይኑን እያሸ ሲነሳ የእናንተ ልጅ ቁርስ በልቶ፣ ጫማ አድርጎ ጨርሷል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ሁኑ። በዲዝኒ ሆቴል ያደረ ሰው ደግሞ ከሌላው 30 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል። ማጂክ ኪንግደም በመኪና ከሄዳችሁ ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ በጀልባ ወይም በሞኖሬል መሻገር አለና ያንን ጊዜ አስቡ።

ልጁ ከሁሉ በላይ የሚፈልገውን አንድ ነገር ማታ ጠይቁት። ጠዋት የሚሠራው እሱ ነው። ዝሆኑ ከሆነ ዝሆኑ። «መንገዳችን ላይ ነው» ብላችሁ ሌላ አታስቀድሙ። በዚያ ሰዓት ወረፋው አጭር ነው፣ ፀሐዩም አልከረረም፣ የልጁም ጉልበት ሙሉ ነው። ሦስቱ አብረው የሚገኙት በቀን አንዴ ብቻ ነው።

ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ምሳ አብሉት፤ ሰው ሳይሰለፍ። የራሳችሁን ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ የብርጭቆ ዕቃና አልኮል ግን አይገባም። እኛ ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ከሲልቨር ስፕሪንግ የሐበሻ ሱቅ ዳቦ ቆሎና እንጀራ ገዝተን ይዘን እንሄዳለን። የደከመ ልጅ አዲስ ምግብ አይቀምስም፤ የሚያውቀውን ፍርፍር ሲያይ ግን ይበላል። ምግብ የሚሸጥበት መስኮት ላይ የበረዶ ውሃ ከጠየቃችሁ በነፃ ይሰጣችኋል። በየግማሽ ሰዓቱ ጠጣ በሉት፤ እስኪጠማው አትጠብቁ።

ይህ የውሃ ነገር ለአዲስ አበባ ልጅ በጣም ያስፈልጋል። ልጁ የሐምሌን ብርድ፣ ሹራብ ለብሶ ነው ከቤቱ የወጣው። ከ2,300 ሜትር ከፍታ ወርዶ ባሕር ጠለል አጠገብ፣ እርጥበት ያለው 33 ዲግሪ ውስጥ ገባ። ሰውነቱ ሙቀቱንም ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል። ቆዳው እሳት ከሆነ፣ ካስመለሰው ወይም ከፈዘዘ ቀጥታ የመጀመሪያ ሕክምና ወደሚሰጥበት ክፍል ውሰዱት። እያንዳንዱ ፓርክ አለው። ከጋሪው ላይ የማይነቃ ወይም የሚቀባጥር ከሆነ ወደ አስቸኳይ እርዳታው ስልክ 911 ደውሉ።

ቀን 6 ሰዓት ላይ ውጡ። አዎ፣ ሁሉም ነገር ሲደምቅ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ እኛም ጭምር። ልጁ «አልሄድም» ይላል፣ ደስ ብሎታል፣ እናንተም ትኬቱን ታስባላችሁ። ግን ወረቀቱን አውጡ፦ ለእሱ ምሽት 1 ሰዓት ሆኗል። ሆቴል እስክትደርሱ 2 ይሆናል። መጋረጃ ዝጉ፣ አስተኙት፣ እናንተም ተኙ። ሁለት ሰዓት ተኝቶ 9 ሰዓት ገደማ ይነሳ። በበጋቸው ከሰዓት በኋላ ኦርላንዶ ላይ መብረቅና ዝናብ የተለመደ ነው፤ መብረቅ ሲኖር ውጭ ያሉት ጨዋታዎች ይቆማሉ። ስለዚህ ብዙ አልቀረባችሁም። ትኬታችሁ ለዚያ ቀን ተመልሶ ያስገባችኋል፤ 10 ሰዓት ላይ ደስ ካላችሁ ተመለሱ። ካላሰኛችሁ የሆቴሉ መዋኛ አለ።

ሆቴሉ ሩቅ ሆኖ መውጣት ካልቻላችሁስ? እያንዳንዱ ፓርክ ውስጥ የሕፃናት እንክብካቤ ቤት አለ። ማጥቢያ፣ ዳይፐር መቀየሪያና ምግብ ማሞቂያ ያለው ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ቦታ ነው። ማጂክ ኪንግደም ላይ ከዋናው መንገድ መጨረሻ በግራ በኩል ነው፤ የመጀመሪያ ሕክምናውም አጠገቡ አለ። ቱሞሮውላንድ በሚባለው የፓርኩ ክፍል በኩል ፒፕል ሙቨር የሚሉት ከፍ ብሎ ቀስ እያለ የሚዞር ተሽከርካሪም አለ። ወደ 10 ደቂቃ ይዞራል፣ ነፋስ አለው። ስንት ልጅ እዚያ ላይ ጭን ላይ ሲያሸልብ አይቻለሁ። ጋሪ ላይ ሲተኛ ነጠላ ከፀሐይ ሊከልል ይችላል፤ ግን ዙሪያውን አትሸፍኑት፣ ውስጡ ይታፈናል። ፊት ለፊቱ ክፍት ይሁን፣ አንገቱን በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ሙቀቱን እዩ።

ትልልቅ ልጆች ካሏችሁ «ራይደር ስዊች» የሚባለውን በሩ ላይ ያለውን ሠራተኛ ጠይቁ። አንዱ ወላጅ ከትንሹ ጋር ይቀመጣል፣ ሌላው ይጫወታል። ከዚያ የቀረው ወላጅ እንደገና ሙሉ ወረፋ ሳይሰለፍ ይገባል።

6. ድካሙን ከለቅሶው በፊት እወቁት

አዋቂ ሲደክመው ይቀመጣል። ትንሽ ልጅ ሲደክመው ይሮጣል። በማይስቅ ነገር ይንከተከታል፣ እጃችሁን ለቅቆ ይፈተለካል፣ በትንሹ ይደናቀፋል፣ ጆሮውን ይጎትታል፣ አይስክሬም ጠይቆ ሲሰጠው «ይሄ አይደለም» ይላል። ያኔ ያላችሁ ጊዜ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። አዲስ ወረፋ አትግቡ። የደከመ ልጅ ይፈራልም፤ ትናንት የወደደው ጨለማ ዋሻ ዛሬ ያስጮኸዋል። በግድ አታስገቡት።

ለቅሶው ከመጣ ከሰው መሀል ውጡ። ጥላ፣ ውሃ፣ እቅፍ። ምክር አይሰማም፤ «ይሄን ሁሉ ብር አውጥተን» የሚለውን ደግሞ ጨርሶ አይሰማም። አንድ ሰው ብቻ ያናግረው፤ አራት ሰው ከበው ሲያባብሉት ይብሳል።

7. ርችቱ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ርሱት። ለመጨረሻው ምሽት አቆዩት። የዚያን ቀን ጠዋት ፓርክ አትሂዱ። ቀን ረዘም አድርጎ ይተኛ፣ እራቱን በልቶ 12 ሰዓት ላይ ግቡ። ድምፁ ከባድ ስለሆነ የጆሮ መከላከያ ያዙ። ከማጂክ ኪንግደም ቤተ መንግሥት ፊት የግድ መቆም የለባችሁም፤ መውጫው አካባቢ ሆናችሁም ይታያል፣ ሲያልቅም ሰዉ ሳያጥለቀልቃችሁ ትወጣላችሁ። ፒጃማውን ፓርኩ ውስጥ አልብሱት። ጋሪው ላይ ከተኛ እስከ አልጋው እንዳለ ተሸክማችሁ ውሰዱት።

8. መመለሻው

ወደ ምሥራቅ መመለስ ይከብዳል። ሦስት ሳምንት ቆይቶ የተመለሰ ልጅ አዲስ አበባ ጠዋት 2 ሰዓት ሲያርፍ ለሰውነቱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ቤት አስገብታችሁ በጨለማ ክፍል ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት አስተኙት። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ግን ወደ ውጭ ይውጣ። ክረምት ነው፣ ደመና ነው፤ ቢሆንም የደመና ብርሃን ከቤት መብራት ይበልጣል። በረንዳም ይበቃል። በመጀመሪያው ምሽት 3 ሰዓት ላይ እንቅልፍ አይወስደውም፤ አትጣሉት። የምትይዙት የጠዋቱን ነው፦ በማግስቱ 4 ሰዓት፣ ቀጥሎ 3 ተኩል፣ ቀጥሎ 3 እያላችሁ በየቀኑ ትንሽ ቀደም አድርጋችሁ ቀስቅሱት።

ትምህርት ከመከፈቱ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ አገር ቤት ግቡ። የእህቴ ልጅ በሁለተኛው ጉዞዋ በስድስተኛው ቀን ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነስታ ጫማዋን ፍለጋ ስትዞር እናቷ ቪዲዮ አንስታ ላከችልኝ።